ከ«ዊልካስ» እስከ «ቭልክ»፦ የስላቭ ቃላትን የድምፅ ለውጥ ደረጃ በደረጃ የመከተል መመሪያ

በሞስኮ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ራሽያኛ በጀመሩባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት «ድሩግ»፣ «ድሩዝያ» እና «ድሩዥባ» የሚሉትን ቃላት ይለምዳሉ፤ የመጀመሪያው ጓደኛ፣ ሁለተኛው ጓደኞች፣ ሦስተኛው ጓደኝነት ማለት ነው። ግንዱ አንድ ሆኖ ሳለ የመጨረሻው ተነባቢ አንድ ጊዜ «ግ»፣ አንድ ጊዜ «ዝ»፣ ሌላ ጊዜ «ዥ» የሚሆነው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «በቃልህ ያዘው» የሚል ነው። ምክንያት ግን አለው። «ዥ» እና «ዝ» በሁለት የተለያዩ ዘመናት የሠሩ የሁለት ለውጦች አሻራ ናቸው፤ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ ያወቀ ሰው ደግሞ ቅርጾቹን ሳይሸመድድ ራሱ ሊያወጣቸው ይችላል። ይህ መመሪያ አንድን ቃል፣ በተለይም «ተኩላ» የሚለውን፣ ከጥንቱ ቅርጽ አንሥቶ እስከ ዛሬዎቹ የስላቭ ቋንቋዎች ድረስ እንዴት መከተል እንደሚቻል ያሳያል። ሕጎቹን መዘርዘር ቀላል ነው፤ ድካሙ ያለው ተራቸውን በመጠበቅ ላይ ነው።

ስለ አጻጻፉ

ሁሉም ቃል በፊደላችን ስለተጻፈ ጥቂት ስምምነት ያስፈልጋል። «ጸ» ብለን የምንጽፈው «ት» እና «ስ» ተጣምረው በአንድነት የሚወጡትን ድምፅ ነው እንጂ የአማርኛውን ጠንካራ «ጸ» አይደለም። የጥንቱ አጭር «ኢ» እና አጭር «ኡ» በመጀመሪያው ደረጃ በሳልስና በካዕብ፣ ከደከሙ በኋላ ደግሞ በሳድስ ይጻፋሉ። ይህ ምርጫ ያለ ምክንያት አልተደረገም፤ ሳድሳችን ራሱ የተወለደው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ዐረብኛ «ኡዝን» የሚለውን ጆሮ ግእዝ «እዝን» ይለዋል፤ ዐረብኛ «ሲን» የሚለውን ጥርስ ደግሞ ግእዝ «ስን» ይለዋል። አጭሩ «ኡ» እና አጭሩ «ኢ» በግእዝ አንድ ደካማ አናባቢ ሆነው ቀርተዋል። በስላቭ ሁለቱ ደክመዋል፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ አልተደባለቁም፤ ስለዚህ ሳድስ በሚያዩበት ቦታ ሁሉ ከየትኛው እንደመጣ በማስታወሻዎ ላይ ምልክት ያድርጉ።

አንደኛ እርምጃ፦ ምስክሮችን ይሰብስቡ

የጥንቱ የስላቭ ቋንቋ በጽሑፍ አልተላለፈልንም። ጽሕፈት የጀመረው ከተሰሎንቄ የተነሡት ወንድማማቾች ቄርሎስና ሜቶድዮስ በ863 ዓ.ም. ወደ ሞራቪያ በተላኩበት ዘመን አካባቢ ነው (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉትም እንዲሁ)፤ የእነርሱ ቋንቋ፣ ማለትም የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ፣ ከሁሉ የቀደመው ምስክራችን ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ለማግኘት ዘመድ ቋንቋዎችን ማነጻጸር ግድ ነው። እጅግ የሚጠቅመው ሊትዌኒያኛ ነው፤ በስላቭ ቋንቋዎች አጠገብ ያደገ የቅርብ ዘመድ ከመሆኑም በላይ የቃላትን መጨረሻ በሚያስደንቅ ሁኔታ ጠብቋል። ላቲንና ሳንስክሪት ደግሞ ርቀው የቆሙ ምስክሮች ናቸው።

ለተኩላ ሊትዌኒያኛ «ቪልካስ»፣ ሳንስክሪት «ቭርካ»፣ የቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ «ቭልክ» ይሰጡናል። ከእነዚህ ተነሥተን ለጥንቱ ስላቭ «ዊልካስ» የሚል መነሻ እንይዛለን። ነጠላውን ብቻ ይዘው አይነሡ፤ ሲጠሩት የሚባለውን «ዊልኬ»፣ ብዙ ቁጥሩን «ዊልካይ»፣ እና «በተኩሎች ዘንድ» የሚለውን «ዊልካይሱ» አብረው ይጻፉ። አንድ ቃል በአንድ ቅርጽ ብቻ ሲታይ ብዙ አይናገርም፤ በርባታው ሲታይ ግን ታሪኩን ሁሉ ያወጣል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ የጥንቶቹን ተነባቢዎች ያስተካክሉ

ይህን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። ከህንድ-አውሮፓ እናት ቋንቋ የመጣው ለስላሳ «ክ» በስላቭ «ስ»፣ ለስላሳው «ግ» ደግሞ «ዝ» ሆኗል፤ ላቲን «ኬንቱም» የሚለውን መቶ ራሽያኛ «ስቶ» ይለዋል፣ ላቲን «ሂየምስ» የሚለውን ክረምት ደግሞ «ዚማ» ይለዋል። በትንፋሽ ይወጡ የነበሩት «ብ»፣ «ድ» እና «ግ» ትንፋሻቸውን አጥተው ከተራዎቹ ጋር ተቀላቅለዋል፤ ለዚህ ነው የላቲኑ «ፉሙስ» (ጭስ) በራሽያኛ «ዲም» የሆነው። ከንፈር ተሞጥሙጦ ይነገር የነበረው «ኰ» ተራ «ክ» ሆነ፤ የእኛ ተኩላ «ክ» የመጣው ከዚህ ነው።

ሦስተኛ እርምጃ፦ «ስ» ከምን በኋላ እንደመጣ ይመልከቱ

የዴንማርኩ ሊቅ ሆልገር ፔደርሰን በ1895 በጻፈው ጥናት የሚታወቀው ይህ ሕግ «ስ» ከ«ር»፣ ከ«ኡ»፣ ከ«ክ» ወይም ከ«ኢ» በኋላ ሲመጣ በስላቭ «ኽ» ሆነ ይላል። ሕጉን ለማስታወስ ከአንድ ቃል በላይ አያስፈልግም። ሊትዌኒያኛ ደረቅን «ሳውሳስ» ይላል፤ በውስጡ ሁለት ጊዜ «ስ» አለ፤ በመጨረሻ ያለውን፣ የቃሉን ሙያ በዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚያመለክተውን «ስ» እንተወው። የመጀመሪያው ከቃሉ ፊት ስለሆነ ከኋላው የሚገፋው ነገር የለም፤ ሁለተኛው ግን ከ«ው» ቀጥሎ ስለመጣ ተለወጠ፤ ውጤቱም «ሱኽ» ነው፤ ራሽያኛው «ሱኾይ» የመጣው ከዚሁ ነው። ከ«ስ» በኋላ ወዲያውኑ «ት» ሲከተል ግን ለውጡ ይቀራል፤ «ፕርስት» (ጣት) «ር» ቀድሞት እያለ «ስ»ውን የጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ተኩላችን እንመለስ። «ዊልካይሱ» ውስጥ «ስ» ከ«ይ» በኋላ ስለመጣ «ዊልካይኹ» ይሆናል። ሳንስክሪትም በዚሁ ቦታ «ቭርኬሹ» እያለ የራሱን ለውጥ ያሳያል። ይህችን «ይ» በደንብ ያስተውሏት፤ ጥቂት ቆይታ ትጠፋለች፤ የመኖሯ ማስረጃ የሚሆነን ያስከተለችው «ኽ» ብቻ ነው።

አራተኛ እርምጃ፦ አናባቢዎችን ያዋሕዱ

በጥንቱ ስላቭ አጭር «አ» እና አጭር «ኦ» አንድ ሆኑ፤ ረዥሞቹም እንዲሁ። ቆይቶ አጭሩ ወደ «ኦ»፣ ረዥሙ ወደ «አ» ዞረ። ውጤቱ ለጀማሪ የተገለበጠ ይመስላል፤ የላቲኑ «ሳል» (ጨው) በስላቭ «ሶል» ሲሆን፣ የላቲኑ «ዶኑም» (ስጦታ) አቻ «ዳር» ነው። የአጭሩ ወደ «ኦ» መዞር በጣም የዘገየ መሆኑን የሚመሰክሩት ፊንላንዳውያን ናቸው። ከስላቮች የወሰዱትን መስኮት «አኩና» ይሉታል፤ በራሽያኛ ዛሬ «ኦክኖ» ነው። ባቄላን ደግሞ «ፓፑ» ይሉታል፤ በራሽያኛ «ቦብ» ነው። ቃላቱ ወደ ፊንላንድ ሲሻገሩ አናባቢው ገና ለ«አ» የቀረበ ነበር፤ «ፓፑ» ደግሞ መጨረሻ ላይ በራሽያኛ ፈጽሞ የጠፋውን አጭር «ኡ» እስከ ዛሬ ይዞልናል።

አምስተኛ እርምጃ፦ የመጀመሪያውን ላንቃዊነት ያስኪዱ

ትናጋዊዎቹ «ክ»፣ «ግ» እና «ኽ» ከፊታዊ አናባቢ በፊት፣ ማለትም ከ«ኤ» እና ከ«ኢ» ወገን በፊት፣ «ች»፣ «ዥ» እና «ሽ» ሆኑ። ሊትዌኒያኛ አራትን «ከቱሪ» ሲል ራሽያኛ «ቼቲሬ» ይላል፤ ሕያው የሚለውን «ጊቫስ» ሲል ራሽያኛ «ዢቭ» ይላል።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «ክፈት» ብሎ ወንድን ያዘዘ ሰው ሴትን «ክፈቺ» ይላታል፤ «ውሰድ» «ውሰጂ»፣ «ልበስ» «ልበሺ»፣ «ያዝ» «ያዢ» ይሆናሉ። የግእዙ «አንቲ» በአማርኛ «አንቺ» የሆነችውም በዚሁ መንገድ ነው። ምላስ ለ«ኢ» ወደ ላንቃ ለመውጣት ስትዘጋጅ ከፊት ያለውን ተነባቢ ይዛው ትወጣለች። ልዩነቱ አማርኛ በአብዛኛው የጥርስ ድምፆችን ሲለውጥ ስላቭ በዚህ ደረጃ ትናጋዊዎቹን መለወጡ ነው፤ ቢሆንም ግእዝ «ቤትኪ» ያለውን እኛ «ቤትሽ» የምንለው «ክ»ም ከዕጣው እንዳላመለጠ ያሳያል።

በዚህ ሕግ «ዊልኬ» ወደ «ቭልቼ» ያመራል። በ«ድሩዥባ» ውስጥም ከ«ግ» በኋላ አጭር «ኢ» ነበረች፤ ግፊቷን ሠርታ ጠፋች። እንዲህ ያለ የጠፋ ገፊ ሊያደናግር አይገባም፤ የግእዙ «ከፋቲ» በእኛ «ከፋች» ሲሆን «ኢ»ዋ «ት»ን ለውጣ ራሷ አልቀረችም። አንዳንዴም ገፊው አናባቢ ራሱ ይለወጣል። ከ«ች»፣ ከ«ዥ» እና ከ«ሽ» በኋላ ረዥሙ «ኤ» ወደ «አ» ስለዞረ «ክሪኬቲ» (መጮኽ) «ክሪቻቲ» ሆነ፤ ዛሬ «ቻ»ን ብቻ የሚያይ ሰው «ክ» ከ«አ» በፊት ለምን ተለወጠ ብሎ ቢደነቅ አይፈረድበትም።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ቀለሞቹን ይክፈቱ

ስላቭ ከዘመዶቹ ተለይቶ የወጣው በዚህ ደረጃ ነው። እያንዳንዱ ቀለም (የቃሉ ክፍለ ድምፅ) በአናባቢ እንዲያልቅ የሚገፋ ዝንባሌ ለብዙ መቶ ዓመታት ሠርቷል። በመጀመሪያ የቃል መጨረሻ ተነባቢዎች ወደቁ፤ «ዊልካስ» የመጨረሻ «ስ»ውን አጥቶ በደካማ «ኡ» አለቀ፣ የሊትዌኒያኛው «ሱኑስ» (ወንድ ልጅ) አቻም «ሲን» ሆነ። ቀጥሎ ጥምር አናባቢዎች ተሰበሰቡ፤ «አው» ወደ «ኡ»፣ «ኤይ» ወደ «ኢ»፣ «አይ» ደግሞ ወደ ረዥሙ «ኤ» ተለወጡ፤ «አይ» በቃል መጨረሻ ላይ «ኢ» የሆነበት ጊዜም አለ። ከ«ን» እና ከ«ም» ጋር የተጣመሩት በአፍንጫ የሚነገሩ አናባቢዎች ሆኑ። የሊትዌኒያኛው «ራንካ» (እጅ) በራሽያኛ «ሩካ» ሲሆን፣ በፖላንድኛ ግን «ሬንካ» ነው፤ ዋነኞቹ የስላቭ ቋንቋዎች የአፍንጫውን ድምፅ ሲያጡ እስከ ዛሬ የጠበቀችው ፖላንድኛ ናት።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ሁለተኛውን ላንቃዊነት ያስኪዱ፣ ከዚያም ተራውን ይፈትሹ

ከ«አይ» የተወለዱት አዲሶቹ «ኤ» እና «ኢ» ከ«ክ»፣ ከ«ግ» እና ከ«ኽ» ጋር ሲገናኙ አዲስ ለውጥ ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ውጤቱ «ች» ሳይሆን «ጽ»፣ «ዥ» ሳይሆን «ዝ» ሆነ፤ «ኽ» ደግሞ በምሥራቅና በደቡብ «ስ»፣ በምዕራብ «ሽ» ሆነ። የሊትዌኒያኛው «ካይና» (ዋጋ) ከስላቩ «ጼና» ጋር ሲቀመጥ ለውጡ ይታያል። የድሩግ ጥንታዊ ብዙ ቁጥር «ድሩዚ» የሆነው፣ ዛሬም በ«ድሩዝያ» ውስጥ ያለው «ዝ» የመጣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዕርዎን አስቀምጠው «ዊልካይሱ»ን በሁለት መንገድ ያስኪዱት፤ የመመሪያው ልብ ይህ ነው። በትክክለኛው ተራ ስናስኬደው «ስ» ከ«ይ» በኋላ ስላለ «ዊልካይኹ» ይሆናል፤ የመጀመሪያው ላንቃዊነት ሲመጣ «ክ» ከፊቱ ያለው «አ» ስለሆነ አይነካውም፤ ከዚያ «አይ» ወደ «ኤ» ይዞርና «ቭልኬኹ» ይወጣል፤ በመጨረሻ ሁለተኛው ላንቃዊነት «ቭልጼኽ» ያደርገዋል። የቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ ያለውም ይህንኑ ነው። አሁን ተራውን ያዛቡ። «አይ» ከመጀመሪያው ላንቃዊነት በፊት «ኤ» ቢሆን ኖሮ «ክ»ን ይገፋና «ቭልቼኽ» ያወጣ ነበር፤ የትም የለም። «አይ» ከ«ስ» ሕግ በፊት ቢጠፋ ደግሞ «ስ»ን የሚገፋ «ይ» አይኖርምና «ቭልጼስ» በወጣ ነበር፤ ይህም የለም። አንድ ቃል ብቻ የሦስት ለውጦችን ቅደም ተከተል አጸናልን። እኔም መጀመሪያ ስሞክር «ቭልቼኽ» አውጥቼ መጽሐፉ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር።

ቼክኛ ዛሬም አራቱን በአፉ ይዟል፤ ተኩላው «ቭልክ»፣ ሲጠሩት «ቭልቼ»፣ ሲበዙ «ቭልጺ»፣ ስለ እነርሱ ሲነገር «ቭልጺኽ»።

ሁለተኛው ላንቃዊነት እንደ መጀመሪያው ሁሉንም አላዳረሰም። በ1951 በራሽያዋ ከተማ በኖቭጎሮድ መገኘት በጀመሩት የበርች ቅርፊት ደብዳቤዎች መካከል ቁጥር 247 የተሰጠው የ11ኛው መቶ ዘመን ደብዳቤ መቆለፊያውና በሮቹ ደህና መሆናቸውን ሲናገር «ጼሌ» በሚጠበቅበት ቦታ «ኬሌ» ይላል። የቋንቋ ሊቁ አንድሬይ ዛሊዝንያክ ይህንና መሰሎቹን ይዞ የኖቭጎሮድ አካባቢ ንግግር ከሁለተኛው ላንቃዊነት ውጭ እንደነበረ አሳይቷል። በ«ቭ» ፊት ያለውም «ክ» በምዕራብ ሳይለወጥ ቀርቷል፤ ቼክኛ አበባን «ክቭየት» ሲል ራሽያኛ በዓይን የሚታየውን ቀለም «ጽቭየት» ይላል፤ ቃሉ አንድ ነው።

ሦስተኛ ላንቃዊነትም አለ፤ «ኢ» የምትከተላቸውን ሳይሆን «ኢ» የቀደመቻቸውን ትናጋዊዎች የሚለውጥ ነው። ከጀርመናውያኑ «ኩኒንጋዝ» ተወስዶ በራሽያኛ «ክኒያዝ» (መስፍን) የሆነው ቃል እና «ኦቴጽ» (አባት) ምሳሌዎቹ ናቸው። የቋንቋ ሊቁ ቦዱዌን ደ ኩርተኔ የገለጸው ይህ ለውጥ ከሁለተኛው ይቅደም ወይስ ይከተል ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከሩበታል፤ ስለዚህ በሠንጠረዥዎ ላይ ቋሚ ቁጥር አይስጡት።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ቤተሰቡ የተለያየባቸውን ለውጦች ይለዩ

እስካሁን ያየነው በአብዛኛው የጋራ ነበር። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በየፊናው ይሄዳል። «ት» ከ«ይ» ጋር ሲጋጠም የወጣው ድምፅ የአንድን ቋንቋ ወገን ለመለየት እንደ መታወቂያ ያገለግላል፤ ሻማ በራሽያኛ «ስቬቻ»፣ በፖላንድኛ «ሽቪየጻ»፣ በቡልጋሪያኛ «ስቬሽት» ነው።

«ር» እና «ል» በቀለም መጨረሻ ሲቆሙ የተፈጠረውም እንዲሁ ነው። «ጎርድ» የሚለው የጥንት ቃል ቀለሙን ለመክፈት በምሥራቅ አናባቢውን ደጋግሞ «ጎሮድ» ሆነ፤ በደቡብ ቦታ ተለዋውጦ «ግራድ»፣ በፖላንድኛ «ግሩድ»፣ በቼክኛ «ህራድ» ሆነ። «ኖቭጎሮድ» እና «ቤልግሬድ» በሚሉት የከተማ ስሞች ውስጥ ያለው አንድ ቃል ነው። «ሌኒንግራድ» (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) በራሽያ ምድር የደቡቡን መልክ የያዘችው ራሽያኛ ከቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ ስለተዋሰ ነው። ለዚህ ለውጥ ዘመን የሚሰጠን በ814 የሞተው የፍራንኮች ንጉሥ ታላቁ ካርል ነው፤ ስሙ በስላቮች ዘንድ «ንጉሥ» የሚል ቃል ሆኖ በራሽያኛ «ኮሮል»፣ በፖላንድኛ «ክሩል»፣ በሰርቢያኛ «ክራል» ተባለ። የሰውየው ስም ለውጡን ካለፈ፣ ለውጡ በእርሱ ዘመን ገና ሕያው ነበር ማለት ነው።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ ሳድሶቹን ከኋላ ወደ ፊት ይቁጠሩ

በመጨረሻ ደካሞቹ አናባቢዎች ከፊሉ ወደቁ፣ ከፊሉ ሙሉ አናባቢ ሆኑ። ቼካዊው አንቶኒን ሃቭሊክ በ1889 ያወጣው ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ከቃሉ መጨረሻ ተነሥተው ደካሞቹን ወደ ፊት ይቁጠሩ፤ ጎዶሎ ቁጥር (1፣ 3) የደረሰው ይወድቃል፣ ሙሉ ቁጥር (2፣ 4) የደረሰው ይጠነክራል፤ ሙሉ አናባቢ ሲያጋጥምዎ ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ይጀምሩ። ጫማ ሰፊን ይውሰዱ፤ ጥንት «ሺቪጺ» ነበር፣ ሦስቱም ደካማ «ኢ»። የመጨረሻው ይወድቃል፣ መካከለኛው ይጠነክራል፣ የፊተኛው ይወድቃል፤ ቼክኛ «ሽቬጽ» ይላል። «የጫማ ሰፊው» ሲባል ግን መጨረሻው ሙሉ አናባቢ ስለሆነ ቆጠራው ከመካከለኛው ይጀምራል፤ እርሱ ይወድቃል፣ የፊተኛው ይጠነክራል፤ ቼክኛ «ሼቭጼ» ይላል። «ኤ»ዋ ከቦታ ወደ ቦታ የዘለለች ትመስላለች፤ እውነቱ ግን ሁለት የተለያዩ አናባቢዎች መሆናቸው ነው። ፖላንድኛ በሁለቱም ቦታ «ሼቭጽ» እና «ሼቭጻ» የሚለው ነጠላውን በአገናዛቢው ምስያ፣ ማለትም አንዱን ቅርጽ በሌላው አምሳል በመቅረጽ፣ ስላስተካከለው ነው።

ስሌቱ አልወጣ ሲል

ሕጉን በትክክል አስኪደው ውጤቱ ከዛሬው ቃል ጋር ካልገጠመ፣ ሕጉን ከመጠርጠርዎ በፊት ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛው ምስያ ነው። «በእጅ» ለማለት ቼክኛ «ሩጼ»፣ ዩክሬንኛ «ሩጺ» ሲሉ ራሽያኛ «ሩኬ» ይላል፤ በዚህ ቃል ሕጉ ተሽሮ ሳይሆን ተናጋሪዎቹ «ሩካ»ን መልሰው በርባታው ሁሉ ስላዳረሱት ነው። ሁለተኛው ውሰት ነው፤ ቃሉ ወደ ቋንቋው የገባው ለውጡ ካበቃ በኋላ ከሆነ ሕጉ ሊነካው አይችልም።

ለልምምድ «ሌሊት» የሚለውን ቃል ይውሰዱ። መነሻው «ኖክቲስ» ነው፤ ማድረሻዎቹ የራሽያኛው «ኖች» እና የፖላንድኛው «ኖጽ» ናቸው። ፍንጩ ከሻማው ጋር ማነጻጸር ነው፤ «ክት» ከ«ኢ» በፊት ሲመጣ የሄደው «ት» ከ«ይ» ጋር በሄደበት መንገድ ነው፤ ይህን ከያዙ የቡልጋሪያኛው ቅርጽ በምን ድምፅ እንደሚያልቅ መዝገበ ቃላት ሳይገልጡ መጻፍ ይችላሉ።